ሕዝቅኤል ስለ ጢሮስ የተናገረው ትንቢት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?

መጀመሪያ ጥያቄውን ላሳጥረው፣ ከመሃል ለገባ ሰውም ግልጽ እንዲሆን። ወንድማችን ከሥራ ባልደረባው ጋር ሲከራከር ባልደረባው «ሕዝቅኤል 26 ናቡከደነፆር ጢሮስን ያጠፋታል፣ ዳግመኛም አትሠራም ይላል፣ ናቡከደነፆር ግን አላጠፋትም፣ ከተማዋም ይኸው ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ሰው ይኖርባታል፣ ስለዚ ትንቢቱ ከሽፏል» አለው። እሱ ደግሞ «ኧረ ታላቁ እስክንድር መጥቶ ድንጋይዋን ባህር ውስጥ ከትቶ ቃል በቃል ፈጽሞታል» ብሎ መለሰ፣ «እስክንድር የሚል ስም የቱ ጋ አለ?» ሲባል ግን መልስ አጣ። አሁን የሚጠይቀው ማናችን ነን ልክ ነው፣ ከታች ደግሞ «እባክህ ሳታለሳልስ ንገረኝ» የሚል ጨምሮበታል።

እሺ ወንድሜ፣ አላለሳልስም። ብሉይ ኪዳንን በዕብራይስጥ ማንበብና ማስተማር ሥራዬ ነው፣ ድሮ ጀማሪ እያለሁ እኔም የእስክንድርን ነገር እንደ ማስረጃ ደረቴን ነፍቼ አስተምር ነበር፣ አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ምዕራፍ 29 ቁጥር 18ን አንብቦልኝ ተቀመጠ፣ ምንም አስተያየት አልጨመረም፣ ማንበቡ ብቻ በቂ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ መጽሐፉን እንደ አዲስ ነው የጀመርኩት። ስለዚ አንተም ባልደረባህም ስለ ምዕራፍ 26 ስትጨቃጨቁ ሦስት ገጽ ገልጣችሁ ሕዝቅኤል ራሱ ምን እንዳለ አለማየታችሁ አይገርመኝም፣ አብዛኛው ሰው እንደዛ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ «ቅ.ል.ክ» ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው።)

መጀመሪያ ነገሩ የተነገረበትን ጊዜ እንይ። ሕዝቅኤል በ597 ቅ.ል.ክ ከተማረኩት ጋር ባቢሎን ወርዶ በኮቦር ወንዝ አጠገብ የሚኖር ካህን ነው። ምዕራፍ 26 «በአሥራ አንደኛው ዓመት» ብሎ ይጀምራል፣ ይሄ ማለት 587 ወይ 586 አካባቢ፣ ኢየሩሳሌም የወደቀችበት ሰሞን ማለት ነው። ጢሮስ ዜናውን ሰምታ «እሰይ! የሕዝቦች በር ተሰበረች፣ እሷ ስትፈርስ እኔ እሞላለሁ» ዓይነት ነገር ተናገረች ይላል። የነጋዴ ደስታ ነው እንግዲህ፣ ተፎካካሪ ሱቅ ሲዘጋ እንደሚደሰተው። ከዛ በኋላ ነው ፍርዱ የሚመጣው፦ ብዙ አሕዛብ እንደ ባህር ማዕበል ይመጡብሻል፣ ቅጥርሽን ያፈርሳሉ፣ አፈርሽን ጠርጌ የተራቆተ ዓለት አደርግሻለሁ፣ በባህር መካከል የመረብ ማስጫ ትሆኛለሽ (3-5)። ቀጥሎ ናቡከደነፆር በስሙ ይጠራል፣ ከሰሜን በፈረስና በሠረገላ ይመጣል፣ ይከባል፣ አፈር ይደለድላል፣ በፈረሶቹ ኮቴ አደባባይሽን ሁሉ ይረግጣል (7-11)። ቁጥር 12 ላይ «እነሱ» ሀብትሽን ይዘርፋሉ፣ ድንጋይሽንና እንጨትሽን አፈርሽንም ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። 14 ላይ ዳግመኛ አትሠሪም። 21 ላይ ደግሞ ይፈልጉሻል ለዘላለም ግን አትገኚም።

አንድ ደስ የሚል ነገር፣ በዕብራይስጥ የጢሮስ ስም «ጾር» ነው፣ ዓለት ማለት ነው። ስለዚ «የተራቆተ ዓለት አደርግሻለሁ» ሲላት በስሟ እየተጫወተባት ነው፣ ዓለት ነሽ አይደል፣ እንግዲያው ዓለት ብቻ ትሆኛለሽ እንደማለት። በትርጉም ይሄ ይጠፋል፣ «ጢሮስ» የሚለው በግሪክ በኩል የመጣ አጠራር ስለሆነ። አረቦቹ ዛሬም «ሱር» ነው የሚሏት፣ ድሮውን ጠብቀውታል።

አሁን ጂኦግራፊው ካልገባን ክርክሩ አይገባንም። ጢሮስ በዛን ጊዜ ደሴት ነበረች። ከየብሱ ወደ 800 ሜትር ገደማ ባህር ውስጥ፣ ዙሪያዋን ግንብ፣ ሁለት ወደብ። ከፊቷ የብሱ ላይ ደግሞ የአሦር ጽሑፎች «ኡሹ» የሚሏት፣ ግሪኮቹ ኋላ «አሮጌዋ ጢሮስ» ያሏት መንደር ወይም ከተማ ነበረች፣ ውሃውም እንጨቱም መቃብሩም በዛ በኩል ነው። ይሄን በደንብ የሚያሳይ ነገር ልንገርህ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ የጢሮስ ገዢ አቢ ሚልኩ ለግብጹ ፈርዖን የጻፋቸው የሸክላ ደብዳቤዎች ግብጽ ውስጥ አማርና በሚባል ቦታ ተገኝተዋል፣ ሰውየው የሚለምነው ምን መሰለህ፣ ውሃና እንጨት! የሲዶናው ሰው ኡሹን ወስዶብኛል፣ እዚህ ደሴት ላይ የምንጠጣውም የምናነደውም የለንም እያለ። ስለዚ «ጢሮስ» ሲባል ደሴቲቱ ናት፣ የብሱ ጓዳዋ ነው። ይሄን ያዝልኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ናቡከደነፆር እውነትም መጣ፣ ይሄ ላይ ክርክር የለም። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ከፊንቄ (ጢሮስ ካለችበት የባህር ዳር አገር) መዛግብት ጠቅሶ ከበባው 13 ዓመት ፈጀ ይላል፣ ንጉሡ ኢቶባል በነበረበት ዘመን፣ በግምት ከ586 እስከ 573 ማለት ነው። አስራ ሦስት ዓመት! ግን ባቢሎን የፈረስና የእግረኛ ኃይል ነው፣ ጢሮስ ደግሞ መርከቦቿ በጓሮ በር ይገባሉ ይወጣሉ፣ ከምዕራብ በባህር እህል እየገባላት ከምሥራቅ በየብስ ብትከበብ ምን ትሆናለች? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነው። መጨረሻ ላይ የሆነ ስምምነት የተደረገ ይመስላል፣ ምክንያቱም ከኢቶባል በኋላ በኣል የሚባል ነገሠ፣ ከዛ ንጉሥ ጠፍቶ ዳኞች ገዙ፣ ከዛ ንጉሥ ሲፈልጉ ከባቢሎን ነው ሰው ያስመጡት፣ መርባል የሚባለውን፣ በኋላም ወንድሙን ኪራምን። የንጉሥ ዘር ባቢሎን ተይዞ ነበር ማለት ነው። ስለዚ ጢሮስ ለባቢሎን ጎንበስ ብላለች፣ በየብስ ያሉ «ሴቶች ልጆቿ» ማለትም በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ተመትተዋል፣ ደሴቲቱ ግን አልፈረሰችም፣ ፈረስም አደባባይዋን አልረገጠም፣ ባህር ተሻግሮ የሚረግጥ ፈረስ አልነበረምና።

እንግዲህ አሁን ወደ 29፥17-20 ና። ቀኑ «በሃያ ሰባተኛው ዓመት በመጀመሪያው ወር» ነው፣ 571 ቅ.ል.ክ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቀኖች የመጨረሻው። ከምዕራፍ 26 አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አልፏል፣ ከበባው ካለቀ ሁለት ሦስት ዓመት። ሕዝቅኤል አርጅቷል። እና ምን ይላል፣ የባቢሎን ንጉሥ ሠራዊቱን በጢሮስ ላይ ከባድ ሥራ አሠራው፣ ራስ ሁሉ ተመልጧል፣ ትከሻም ሁሉ ተልጧል (አፈርና ድንጋይ መሸከም ነው፣ ራስና ትከሻን ነው የሚበላው)፣ ግን እሱም ሠራዊቱም ከጢሮስ ደመወዝ አላገኙም። ስለዚህ የግብጽን ምድር በደመወዝነት እሰጠዋለሁ ይላል እግዚአብሔር።

ቀስ ብለህ አንብበው። ምዕራፍ 26 ሀብትሽን ይዘርፋሉ ነበር ያለው። ምዕራፍ 29 አልተዘረፈም እያለ ነው። ይሄን የጻፈው ተቃዋሚ አይደለም፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ፕሮፌሰር አይደለም፣ ራሱ ነቢዩ ነው ወይም መጽሐፉን ያሰባሰቡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እና ምዕራፍ 26ን አልሰረዙትም! አላስተካከሉትም! ሁለቱንም እዛው መጽሐፍ ውስጥ በቀን በቀኑ አስቀመጡት። እኔን እስከዛሬ የሚያስደንቀኝ ከእስክንድር ድልድይ ይልቅ ይሄ ነው። ብራና ላይ አንድ መስመር ፍቆ ማለስለስ ምን ያህል ቀላል ነበር? ለባልደረባህም ደግሞ አንድ ነገር ልንገርለት፣ «ትንቢት የሚባለው ሁሉ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተጻፈ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ጋ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ከሆነ በኋላ ቢጻፍ እንዲህ አይጻፍም። ናቡከደነፆር በፈረስ ገብቶ አደባባዩን ረገጠ የሚል «ትንቢት» ከ573 በኋላ የሚፈጥር ማን አለ? አለመግጠሙ ራሱ ምዕራፍ 26 ከበባው ሳያልቅ የተነገረ መሆኑን ያሳያል። ባልደረባህ የያዘው ነገር ለሱም ለአንተም እኩል ይቆርጣል።

አሁን ወደ አንተ መልስ ልምጣ። «እነሱ» ስለሚለው ነገር። ብዙ መጽሐፍ ላይና ብዙ ስብከት ላይ የምትሰማው እንዲህ ነው፣ ከ7 እስከ 11 «እሱ» ይላል ናቡከደነፆር ነው፣ 12 ላይ «እነሱ» ይላል፣ ስለዚ ቁጥር 3 ላይ ያሉት «ብዙ አሕዛብ» ናቸው፣ ስለዚ እስክንድር ነው። ብልህ አነባበብ ነው፣ ልናቀው አይገባም፣ ቁጥር 3 በእርግጥም ማዕበል በማዕበል ላይ የሚል ምስል አለው፣ አንዱ ሄዶ ሌላው የሚመጣ። ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ዕብራይስጥ ከንጉሥ ወደ ሠራዊት እንዲህ ሲዘል ብርቅ አይደለም፣ ቁጥር 7 ራሱ ፈረሰኞችና ብዙ ሕዝብ ይዞ ይመጣል ስላለ «እነሱ» ሲባል የሱ ወታደሮች ብሎ መረዳት ቀላሉ ነው፣ እኛም እኮ «ጄኔራሉ ገባ፣ ከተማውን ዘረፉት» ብንል ማንም አይደናገርም። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ቁጥር 12 ላይ «እሱ» ነው የሚለው! እሱ ይዘርፋል፣ እሱ ያፈርሳል፣ እሱ ድንጋይሽን እንጨትሽን አፈርሽን ባህር መካከል ይጥላል። ማለትም ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ተርጓሚዎች፣ እስክንድርን በታሪክ የሚያውቁ ሰዎች፣ ይሄንን ቦታ ሲያነቡ አሁንም ናቡከደነፆርን ነው ያዩት። የክርክርህ ምሰሶ በሙሉ አንድ የብዙ ቁጥር ምልክት ላይ ከቆመና ያም ምልክት በጥንታዊ ምስክር ላይ ከሌለ፣ ምሰሶው ቀጭን ነው።

ቢሆንም የእስክንድር ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነውና አልዘለውም። 332 ቅ.ል.ክ። እስክንድር ደሴቷ ላይ ባለው የመልቃርት (የጢሮስ ዋና አምላክ) ቤተ መቅደስ ልሠዋ አለ (ሰበብ ነው፣ መግባት ፈልጎ ነው)፣ ጢሮሶች «እዛው የብሱ ላይ አሮጌዋ ጢሮስ ውስጥ ቤተ መቅደስ አለልህ» አሉት። ተናደደና ባህሩን ሞልቼ እመጣለሁ አለ፣ እውነትም ሞላው። የጥንት የታሪክ ጸሐፊዎቹ ዲዮዶረስና ኩርቲየስ ሁለቱም ድንጋዩ ከአሮጌዋ ጢሮስ ፍርስራሽ እንደመጣ ይናገራሉ፣ ዲዮዶረስ አሮጌዋን ጢሮስ አፍርሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንጋይ አሸከመ ይላል። ጢሮሶች በመሃል በእሳት የተሞላ መርከብ ለቀው ሥራውን አቃጥለውበት እንደገና ጀመረው። በመጨረሻ ነገሩን የጨረሰው የድንጋዩ ሙሌት ብቻ አልነበረም፣ ከሲዶና ከአራድ ከቢብሎስ የመጡ መርከቦችና ከቆጵሮስ ወደ 120 መርከብ ሲመጣለት ነው ጢሮስ በባህርም የተዘጋችው። ሰባት ወር ፈጀ። ሌላው የታሪክ ጸሐፊ አሪያን 8,000 ያህል ጢሮሳዊ ተገደለ 30,000 ያህል ሰው ለባርነት ተሸጠ ይላል፣ ሌሎቹ ደግሞ 2,000 ወጣት በባህሩ ዳር ተሰቀለ ይላሉ። ያ የድንጋይ መንገድ ከዛ በኋላ አሸዋ እየያዘ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ጢሮስ ደሴት አይደለችም፣ ከየብሱ ጋር የተያያዘች ምላስ መሬት ናት።

ስለዚ «ድንጋይሽን ውሃ ውስጥ ይጥላሉ» የሚለውን አንብቦ ይሄን ታሪክ የሰማ ሰው ጸጉሩ ቢቆም አይፈረድበትም፣ እኔም መጀመሪያ ቆሞብኛል። ግን በጥንቃቄ ስታየው፣ ባህር ውስጥ የገባው ድንጋይ የየብሷ መንደር ድንጋይ ነው፣ እንጨቱን ኩርቲየስ ከሊባኖስ ተራራ ነው የመጣው ይላል፣ ሕዝቅኤል ደግሞ የሚናገረው «በባህር መካከል» ስላለችው ከተማ ነው፣ የየብሶቹን መንደሮች ለይቶ «በሜዳ ያሉ ሴቶች ልጆችሽ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። አማርናን ያዝልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። «ትንቢቱ ስለ አሮጌዋ የየብስ ጢሮስ ነው፣ እሷ ደግሞ ከእስክንድር በኋላ አልተሠራችም፣ ስለዚ በትክክል ተፈጸመ» የሚለው መልስ እዚህ ጋ ይወድቃል። የመረብ ማስጫ የምትሆነው «በባህር መካከል» ናት ይላል ጽሑፉ። ከተማዋን ስትፈልግ ወደ ደሴቷ፣ ፍጻሜዋን ስትፈልግ ወደ የብሱ መሮጥ አይቻልም።

ስለ መረቡ ደግሞ ሰዎች ፎቶ ይለጥፋሉ፣ አንድ አሣ አጥማጅ ሱር ዳርቻ ላይ መረብ ሲያሰጣ። ጎበዝ፣ አሣ የሚጠመድበት የባህር ዳር ከተማ ሁሉ መረብ ይሰጣበታል። ይለፈን።

«ዳግመኛ አትሠሪም» የሚለው ጋ ስንመጣ፣ እንደ ውል አንቀጽ ካነበብነው አልሆነም፣ ይሄን በግልጽ ማለት አለብን። እስክንድር ካጠፋት ከ17 ዓመት በኋላ፣ 315 ላይ፣ ከእስክንድር ጄኔራሎች አንዱ የነበረው አንቲጎነስ ሊይዛት መጥቶ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው የፈጀበት፣ ለእስክንድር ሰባት ወር የበቃችው ከተማ ማለት ነው! በ126 ቅ.ል.ክ ራስ ገዝ ሆና የራሷን የዘመን አቆጣጠር ጀመረች፣ የብር ሰቅሏ ጥራቱ ከመታመኑ የተነሳ ለኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ግብር የሚከፈለው በሱ ነበር፣ የመልቃርት ፊት ተቀርጾበት እያለ። የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ ቤቶቿ ከሮም ቤቶች እንኳን የሚበልጥ ፎቅ አላቸው ይላል፣ በመርከብና በሐምራዊ ቀለም ነግዳ እንዳገገመችም ይመሰክራል። ጌታ ኢየሱስ ወደ ጢሮስ አገር ሄዷል (ማርቆስ 7)፣ ጳውሎስ ከመርከብ ወርዶ እዛ ካሉ ደቀ መዛሙርት ጋር ሰባት ቀን ተቀምጧል (ሐዋርያት 21)። አትገኚም የተባለችው ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ነበረ ማለት ነው።

ለኛ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምስክር አለ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ፍሬምናጦስ፣ የት አገር ሰው ነው? የጢሮስ ሰው ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ የጻፈው ታሪክ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ እንደተጓዘ፣ ልጆቹም ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ አክሱም ቤተ መንግሥት እንደደረሱ ይናገራል፣ ኤዴስዮስ በኋላ ተመልሶ ጢሮስ ገብቶ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ ራሱ በ335 የተፈረደበት ጉባኤ የተካሄደው የት ይመስልሃል? ጢሮስ። ስለዚ በ4ኛው መቶ ዓመት ከተማዋ ፈላስፋም ቄስም ጉባኤም ያላት ከተማ ናት። ጵጵስናው ወደኛ የመጣው «ዳግመኛ አትሠሪም» ከተባለች ከተማ በወጣ ሰው ነው፣ ይሄን ሳስበው ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

እና ይሄን ጥያቄ ያነሳው ኢንተርኔት ላይ ያለ ኤቲስት አይምሰልህ። ቅዱስ ጄሮም (ሄሮኒሞስ) በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሕዝቅኤልን ሲተረጉም እዚሁ ጋ ቆሞ፣ ዛሬ ከፊንቄ ከተሞች ሁሉ ውብና የከበረች ሆና የምናያት ከተማ እንዴት «አልተሠራችም» ይባላል ብሎ ጠይቋል። የሱ መልስ የድሮ ገዢነቷን መልሳ አላገኘችም ወደሚል ይሄዳል። አሪፍ መልስ ነው አይደለም ሌላ ጉዳይ ነው፣ ነጥቤ ጥያቄው 1,600 ዓመት ያስቆጠረ መሆኑና ያነሱትም አማኞች መሆናቸው ነው። ከተማዋ በኋላም ወድቃ ተነስታለች፣ መስቀል ጦረኞች በ1124 ያዟት፣ በ1291 ማምሉኮች (የግብጽ ሙስሊም ገዢዎች) አፈራረሷት፣ ለረጅም ጊዜ ትንሽ መንደር ሆነች፣ ዛሬ ደግሞ ትልቅ ከተማ ናት፣ ፍርስራሿም ከ1984 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

ታዲያ «ከሽፏል» በቃ? እዚህ ጋ ባልደረባህን አልከተለውም። ምክንያቴ ደግሞ ለማዳን ብዬ አይደለም። በአሕዛብ ላይ የሚነገር የነቢያት ፍርድ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ሙሾ ነው፣ እርግማን ነው፣ ግጥም ነው። «ለዘላለም አትገኚም» የሙሾ ቋንቋ ነው፣ ምዕራፍ 27 ሙሉውን ጢሮስን እንደ ሰመጠች መርከብ አድርጎ የሚያለቅስ ሙሾ መሆኑን እይ። የዛን ዘመን ሰሚ ይሄን ሰምቶ «ሱር የሚባል ቦታ ካርታ ላይ አይኖርም» ብሎ አይረዳም ነበር። ይሄን እኔ ፈጥሬው እንዳይመስልህ፣ ኢሳይያስ 23ን ክፈት፣ እሱም በጢሮስ ላይ ነው፣ ፈርሳለች ቤት የለም እያለ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ከሰባ ዓመት በኋላ ትመለሳለች፣ ንግዷም ለእግዚአብሔር ይቀደሳል ይላል! ሁለቱንም መጻሕፍት በአንድ ቀኖና ያስቀመጡ ሰዎች ወይ ማንበብ አይችሉም ነበር ወይ ደግሞ «ለዘላለም» የሚለውን እኛ እንደምንሰማው አልሰሙትም።

ሌላም ነገር አለ፣ ትንቢት በነሱ ዘንድ የፍርድ ቤት ማስጠንቀቂያ ዓይነት ነበር እንጂ የአየር ጠባይ ትንበያ አልነበረም። ኤርምያስ 26 ላይ ሽማግሌዎቹ የሚክያስን ትንቢት ያስታውሳሉ፣ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ነበር፣ ሕዝቅያስ ግን ፈራ፣ እግዚአብሔርም ተወው ይላሉ፣ ማናቸውም ሚክያስን ሐሰተኛ ነቢይ አላሉትም። ኤርምያስ 18ም ይሄንኑ እንደ መርህ ያስቀምጠዋል። ግን ተጠንቀቅ፣ ይሄን መልስ ጢሮስ ላይ በቀጥታ መለጠፍ አትችልም፣ ምክንያቱም ጢሮስ ንስሐ ገባች የሚል ቦታ የለም፣ ሕዝቅኤል 29ም ንስሐ ስለገባች አላለም፣ ደመወዝ አልተገኘም ብቻ ነው ያለው። ስለዚ እንደ ቁልፍ ሁሉንም በር የሚከፍት አድርገህ አትያዘው፣ ባልደረባህ ወዲያው ይይዝሃል፣ ልክም ይሆናል።

እኔ እንግዲህ የማምንበትን በአንድ ትንፋሽ ልበልህ፦ ናቡከደነፆር ይመጣል፣ ከተማይቱን ይከባል፣ የየብስ መንደሮቿን ይመታል የሚለው ሆኗል፣ ይገባል ይዘርፋል ይረግጣል የሚለው በሱ እጅ አልሆነም፣ ይሄንንም መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፣ እስክንድር ያደረገው ከቁጥር 12 ጋር በሚገርም ሁኔታ ይመሳሰላል ግን ሕዝቅኤል እሱን ማለቱ ነበር ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፣ «አትሠሪም» የሚለው ደግሞ በፊደሉ አልሆነም፣ እንደ ሙሾ ካነበብከው ግን የባህር ንግሥት የነበረችው ነጻ መንግሥት ከባቢሎንም ከእስክንድርም በኋላ ድሮ የነበረችውን አልሆነችም። እምነትህን በዚህ ላይ መገንባት ትችላለህ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ፕሮባቢሊቲ አስልቶ «ይሄ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከስንት ሚሊዮን አንድ ነው» የሚለውን ስሌት ግን ጣለው፣ ስሌቱ የገጠሙትን ቆጥሮ ያልገጠሙትን ዘሎ ነው የተሠራው፣ ምዕራፍ 29ን ከቁጥር አያስገባም።

ባልደረባህ ጋ ስትመለስ እስክንድርን መጀመሪያ አታንሳ። 29፥18ን አንተ ቀድመህ አንብብለት፣ «ያልከው ነገር መጽሐፉ ውስጥ ተጽፎልሃል» በለው፣ ከዛ ለምን ያልሰረዙት ይመስልሃል ብለህ ጠይቀው። ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ከኔ ተማሪዎች ጋር ሁሌም እንደዛ ነው የሚሆነው።

ሳልረሳው፣ ባልደረባህ አንባቢ ከሆነ ቀጥሎ የሚያነሳብህ ግብጽን ነው፣ «እሺ ደመወዙ ግብጽ ነበር፣ ተከፈለው ወይ?» ይልሃል። ናቡከደነፆር በነገሠ በ37ኛው ዓመት፣ 568/567 ላይ፣ በግብጽ ላይ ወይ ከግብጽ ጋር እንደተዋጋ የሚናገር የተሰባበረ የሸክላ ጽሑፍ አለ፣ የግብጹ ንጉሥ አማሲስ ስምም እላዩ ላይ ይታያል። ዘመቻ ነበረ ማለት ነው። ግን አማሲስ ከዛ በኋላ አርባ ዓመት ገደማ ገዛ፣ ግብጽም በሱ ዘመን ደህና ነበረች፣ 29፥11 ላይ ያለው «አርባ ዓመት ሰው አይኖርባትም» የሚለው ደግሞ ከጢሮስም ይከብዳል። እሱን ለብቻው ጠይቀኝ፣ እዚህ ጋ ከጀመርኩት አያልቅም።